አባዬ ለኤግዚቢሽኑ የሰጠው ወንበር

አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ በያጅ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረችው። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በዚያች ቤት ውስጥ ትልቁ ዕቃ ወንበሩ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይባላል። መቀመጫው ቀይ ቆዳ፣ እግሩ ድፍን ብረት ነው፤ ከጎኑ ያለውን መርገጫ በእግር ሲረግጡት የተቀመጠውን ሰው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ወንበሩ አንድ ጠባይ ነበረው። ሲያወጡት እሺ ብሎ ይወጣል፤ የሚወርደው ግን ደስ ባለው ሰዓት ነው። አባዬ ከሥሩ በግራ በኩል በተረከዙ መታ ሲያደርገው አንዳንድ ቀን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን አይወርድም። በማይወርድበት ቀን ደንበኛው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ አባዬም ሥራ ፈትቶ ከመቆም እያለ መቁረጡን ይቀጥላል። ከሰፈራችን ወንዶች ብዙዎቹ ፀጉራቸው ከፈለጉት በላይ አጭር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለሥልጠና ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሄዶ፣ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ካፖርትና አንድ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ካፖርቱን ለክረምት አስቀመጠው። ሐሳቡን ግን በየስብሰባው ይዞት ይመጣ ጀመር። በዚያ አገር ሕፃናት ዕቃ በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ቤት አለ፤ ደወል ይደውላሉ፣ ጎማ ያሽከረክራሉ፣ ማግኔት ያጣብቃሉ፤ አትንኩ የሚል ዘበኛ የለም፤ የእኛም ልጆች ይህ ይገባቸዋል አለ። ተጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ።

«ከሰፊው ሕዝብ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሲያልቅስ ለሰፊው ሕዝብ ይመለሳል?»

ጥያቄያቸው ወደፊት እንደሚታይ ተነገራቸው።

በሳምንቱ ሁለት የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ አባላት ትልቅ መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። እማዬ ሁለት ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ሕፃናት ከዚህ ምን ይማራሉ?» አለ መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ።

«ዝናብ ሲመጣ መክፈት» አለች እማዬ።

አልተቀበሏትም። አባዬ ከተቀመጠበት ቀና አለና ቤቱን ዞር ብሎ አየ። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚያስፈልገን ነበር። በዚያው ሰሞን ሰንጋ ተራ ፀጉር ቤት የነበረው አንድ ጓደኛው ሥራውን ትቶ ደህና ወንበር ሰጥቶት ስለነበር፣ አሮጌውን ልስጥ አለ። ሐቀኛ ሰው ነበርና ጉድለቱንም ተናገረ።

«ሲረግጡት ይወጣል» አለ። «አወራረዱ ላይ ግን...»

ጸሐፊው አልጠበቀውም። ጎንበስ ብሎ እየጻፈ ነበር። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበና አስፈረመው፤ «የፀጉር ቤት ወንበር፣ አንድ፣ ይወጣል።»

ወንበሩን ለመውሰድ አራት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ጠመንጃቸውን በጀርባቸው አንግተው፣ ወንበሩን በአራት ማዕዘን ይዘው በቅያሱ ሲወርዱ እኛም ተከተልን። አንዲት ጎረቤታችን ከሩቅ አይታን ደረቷን ይዛ ከደጇ ወጣች።

«ማንን ነው የወሰዱት?» አለች እማዬን በሹክሹክታ።

«ወንበሩን።»

«እሰይ፣ ሰው መስሎኝ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ታላቅ እህቴ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የወጣት ማኅበር አባል ስለነበረችና ድምፅዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ለኤግዚቢሽኑ አስረጂ እንድትሆን ተመረጠች። ማብራሪያውን ከቀበሌ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ላይ አምጥታ፣ በር ዘግታ፣ ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ለፊት ማስመሪያ ይዛ ታጠናለች። ለወራት ከቤተሰቡ ጋር ብዙ አታወራም ነበር። ጨው አቀብዪኝ ስትባል እንኳ የምታቀብለው ሌላ ሥራ እንዳለባት ሰው ሆና ነው። ስለ ወንበራችን ምን እንደሚባል ብጠይቃት፣ «ገና አልተከፈተም» አለችኝና በሩን ዘጋችው።

የተከፈተው እሑድ ነበር። እማዬ ማልዳ ልደታን ተሳልማ መጣችና እኔንና የአምስት ዓመቷን ታናሽ እህቴን አጠበችን፣ ቀባችን፣ አለበሰችን። እሷ ነጠላዋን አልቀየረችም። እርጥብ ጨርቅ በፌስታል ቋጥራ ያዘች፤ ሕዝብ የሚነካካውን ዕቃ ሳትወለውል ልጆቿን አታስነካም። አባዬ ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። መቀስና ማበጠሪያው የደረት ኪሱ ውስጥ ነበሩ፤ ወደ የትም ሲሄድ ከዚያ አይለዩም። እንደ ቤተሰብ አብረን አንድ ቦታ ለመጎብኘት ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። በዚህም ምክንያት አባዬ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠነቅቀን ሄደ።

«እጃችሁን ሰብስቡ። ምንም እንዳትነኩ። ያያችሁትን በዓይናችሁ እዩ።»

የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ «ነክተህ ተማር!» ተብሎ ተጽፏል። አባዬ ቆሞ አነበበው። መነጽሩን አውጥቶ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ ለሌሎቹ ነው» አለን።

አዳራሹ ስኳርና ሳሙና የሚታደልበት፣ ስብሰባ የሚደረግበት ያው አዳራሽ ነው፤ ላምባ ላምባ ይሸታል። ጠረጴዛዎቹ ቀይ ጨርቅ ለብሰው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሽቦ የሌለው ስልክ ነበር። ሁለት ፊደል የጎደለው የጽሕፈት መኪና ነበር። ተገልብጦ የቆመና ጎማው የሚሽከረከር ብስክሌት፣ ሚዛን፣ የሥጋ መፍጫ፣ ብርሃን መላሽ የተባለ ትልቅ መስታወት ነበር። አንዱ ሥጋ ሻጭ ያመጣው የሰንጋ ቀንድም ነበር፤ ሥሩ «ቀንድ። ይነካ» ተብሎ ተጽፏል።

የሚነካ ግን አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተሰልፈዋል። ሁላችንም ስናድግ የሰማነው አትንኩ የሚለውን ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ሊወጣልን አልቻለም። ካኪ ለብሳ በትር የያዘች እህቴ ከሰልፉ ፊት ቆማ ማብራሪያውን ትጨርስና፣ «ንኩ!» ትላለች። ልጆቹ በየተራ ቀርበው በአንድ ጣት ነካ ያደርጉና ጣታቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

«ተምራችኋል» ትላለች እህቴ። «ወደሚቀጥለው።»

እኛ ስንገባ አየችን፤ ያላየች መሰለች። እማዬ ሚዛኑን ወለወለች፣ ቀንዱን ወለወለች፣ የብስክሌቱን ጎማ ስትወለውል ጨርቁ ሽቦው ውስጥ ገብቶ ተያዘባት። ታናሽ እህቴ ስልኩን አንስታ «ሄሎ» አለችና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። እንሂድ ብላት አልሄድም አለች።

«እየጠሩልኝ ነው» አለች።

ወንበራችን በአዳራሹ ጫፍ፣ በጣውላ በተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ለብቻው ቆሟል። ቆዳው በቅባት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከሥሩ «የፈሳሽ ግፊት» የሚል ተጽፏል። አባዬ ስሙን አንብቦ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ለብዙ ዓመት በዚያ ወንበር ሲሠራ ይህን ስም አያውቀውም ነበር። እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይህ ወንበር በፈሳሽ ግፊት ኃይል ይሠራል። ባለፈው ሥርዓት የጥቂቶችን ፀጉር ለማሳመር ብቻ ይውል ነበር። ዛሬ ግን ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የሳይንስ ትምህርት ይሰጣል።»

አባዬ እጁን አወጣ።

«የጥቂቶችን?» አለ። «እኔ'ኮ በያጁን ነው የምቆርጠው። ተሸካሚዎቹን ነው።»

እህቴ ከራሱ በላይ ያለውን ግድግዳ እያየች፣ «ጓድ ጎብኚ፣ ጥያቄ ካለዎት በመጨረሻ ያቀርባሉ» አለችው።

በሕይወቷ እርስዎ ብላው አታውቅም። አባዬ እጁን አወረደና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ምን አለችው?» አለች። ሰምታለች፤ ግን ከእኔ ለማረጋገጥ ነው።

በዚህ መሐል በር ላይ ጭብጨባ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ እንግዳ ይዞ ገባ። እንግዳው ዕድሜያቸው አርባዎቹ ውስጥ፣ ደንደን ያሉ ሰው ናቸው። ምሥራቅ ግንባር ቆስለው አንድ እግራቸው ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሁሉን እያዩ እኛ ያለንበት ደረሱ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን አሳያቸው።

«እዚህ ዝም ብሎ ማየት የለም ጓድ። እርስዎም መሞከር አለብዎት።»

እንግዳው ወንበሩን አዩት፣ ምርኩዛቸውን ለአንድ ጥበቃ ሰጡና በሁለት ሰው ድጋፍ ወጥተው ተቀመጡ። የማይታጠፈው እግራቸው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ቀረ። እህቴ መርገጫውን ረገጠች። ወንበሩ ወጣ። እንግዳው ፈገግ አሉ። ደግማ ረገጠች። አባዬ ከኋላዬ ለራሱ ያህል፣ «በቃ፣ በቃ፣ እዚያ ላይ በቃ» ይላል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን እስከ መጨረሻው የሚል ነበርና እህቴ እስከ መጨረሻው ረገጠች። እንግዳው በመድረኩም በወንበሩም ላይ ሆነው ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የመሪዎች ፎቶግራፎች እኩል ደረሱ። ተጨበጨበ።

«አሁን ደግሞ ይወርዳል» አለች እህቴና መርገጫውን ወደ ታች ያዘችው።

አልወረደም። ደግማ ያዘችው። ሊቀመንበሩ መጥቶ እሱም ያዘው። ጭብጨባው ቆሟል። ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን በጣቱ ጠራው፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«ይወጣል ነው የሚለው» አለ።

«ይወርዳል አይልም?»

ጸሐፊው ገጹን ገልብጦ ጀርባውንም አየ። «አይልም።»

ጥበቃዎቹ እንግዳውን ተሸክመው ሊያወርዱ ቀረቡ። እንግዳው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏቸው።

«አትንኩኝ! ሆስፒታል እያለሁ ሁለት ጊዜ ጥለውኛል።»

ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኗል። ወደ እህቴ ዞሮ፣ «ይሄ አሻጥር ነው» አላት።

ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ያን ጊዜ አያስቅም ነበር። በዚያ ቃል ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች በእኛም ቅያስ ነበሩ። እማዬ እጄን ስትጨብጠው ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣበቁ። እህቴ በትሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሊቀመንበሩ፣ ወደ እንግዳው፣ ወደ ወረቀቷ አየች። ከዚያ ከሕዝቡ መሐል በዓይኗ ፈልጋ አገኘችውና፣

«አባዬ» አለች።

አባዬ ሰልፉን አልፎ ወጣ። መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ሥር አየው፤ የታመመ ከብት የሚያይ ነበር የሚመስለው።

«ወንበሩ የእኔ ነው» አለ። «ጠባዩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።»

በተረከዙ መታው። አልወረደም። ኮቱን አስተካክሎ ደግሞ መታው። አልወረደም።

«ዛሬ ጊዜ ይፈልጋል ጓድ» አለ ወደ ላይ ቀና ብሎ።

«ምን ያህል ጊዜ?»

«አንድ ፀጉር ያህል።»

እንግዳው አልገባቸውም። አባዬ አንድ ሰው ፀጉሩን ተስተካክሎ እስኪጨርስ ማለቱ እንደሆነ አስረዳቸው። እንግዳው እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ልከው ፀጉራቸውን ዳሰሱት።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ። «ጀምር።»

የለስላሳ ሳጥን መጣና አባዬ እሱ ላይ ቆመ። አንገት ላይ የሚደረግ ነጭ ጨርቅ አስፈለገ። ቀዩን የጠረጴዛ ጨርቅ ለዚህ ሥራ ለማንሳት የደፈረ የለም። እማዬ ጠዋት ልደታን የተሳለመችበትን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችና ሰጠችው። ከከፍተኛው የመጡት እንግዳ እስከ አንገታቸው በእማዬ ነጠላ ተጠቅልለው፣ እግራቸው ብቻ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ታዩ። አባዬ መቀሱን አወጣ።

የመጀመሪያው ፀጉር ሲወድቅ ልጆቹ ሰልፋቸውን ለቀቁ። አንዱ መጥቶ ወንበሩን ከሥር ነካው። ሌላው ዘይቱ የሚንጠባጠብበትን አገኘና ጣቱን አሸተተ። ሁለት ልጆች ብርሃን መላሽ የተባለውን መስታወት ከጠረጴዛው አንስተው በአንድ ላይ ያዙላቸው። ታናሽ እህቴ ስልኩን ዘግታ መጣችና የወደቀውን ፀጉር እየለቀመች ሚዛኑ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ማበጠሪያውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

«ሥርዓት!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ተዋቸው» አሉ እንግዳው ከላይ።

እህቴ ወረቀቷን ገለጠች። ለዚህ የተጻፈ ማብራሪያ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ «አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው» ብላ ጀመረች። «ስንረግጥ ዘይቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወንበሩን ያነሳዋል። አሁን ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ሲመለስ ይወርዳል።»

«ዘይቱ የት ነው የሚመለሰው?» አለ አንዱ ልጅ።

እህቴ አሰበች። «አላውቅም። አባዬ፣ የት ነው የሚመለሰው?»

አባዬ መቀሱን ሳያቆም ከሥር ሌላ ዕቃ እንዳለው፣ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ እንዳለ፣ ቀዳዳውን የሚዘጋው ቆዳ ስላረጀ ልክ እንደማይገጥም ተናገረ። ልጆቹ ጎንበስ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን ፈለጉ። እህቴም ከእነሱ ጋር ካኪዋን ለብሳ ጎንበስ አለች።

ላይ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ወሬ ይዘዋል።

«ከኋላ በኩል ማን ነው የቆረጠዎት?» አለ አባዬ።

«ግንባር ላይ አንድ ወታደር ነበር የሚቆርጠን። ከተመለስኩ ወዲህ ማንም ጋ አልሄድኩም።»

«በምን ነበር የሚቆርጠው?»

«በንዴት።»

«ያስታውቃል» አለ አባዬ። «ተምሮ ቢሆን እጁ መጥፎ አልነበረም። አሁን የት ነው?»

እንግዳው ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ መለሱ። «እዚያው ቀረ።»

አባዬ መቀሱን አቆመ። ከዚያ ማጅራታቸው ላይ ያለውን የወታደሩን ሥራ ሁለት ጊዜ አይቶ፣ «ይቺን አልነካትም፣ ደህና ናት» አለና ወደ ጆሮአቸው ተሻገረ።

ወንበሩ የወረደው አንገታቸው ተጠርጎ ካለቀ ጥቂት ቆይቶ ነው። ረጅም ትንፋሽ አወጣና ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ከታች ደረሰ። እንግዳው በመስታወቱ ግራ ቀኙን አዩ፣ ነጠላውን ራሳቸው አጥፈው ለእማዬ ሰጧት፣ ምርኩዛቸውን ተቀበሉ። በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፤ «ጥሩ ነው። ቢቀጥል።» አባዬን በእጃቸው ጨበጡት፣ እህቴን ጨበጧት፣ ሄዱ።

ሊቀመንበሩ «ቢቀጥል» የሚለውን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ መመሪያ መሆኑን ተረዳ። በዚህ መሠረት አባዬ በየእሑዱ በበጎ ፈቃደኝነት እየመጣ የቀበሌውን ልጆች ፀጉር በኤግዚቢሽኑ ወንበር ላይ እንዲያስተካክል ተወሰነ። ፈቃደኝነቱን የተነገረው ማክሰኞ ዕለት ነው። ሁለት ወር ያህል ቆረጠ። የሚቆረጥ ራስ ሲያልቅ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋና አዳራሹ ወደ ስኳሩ ተመለሰ።

ያን የመጀመሪያ ቀን እህቴ የመጣችው ሁላችንም እራት ላይ ስንቀርብ ነው። እጇን ታጥባ ከአባዬ ጎን ተቀመጠች።

«'የጥቂቶችን' የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም» አለች። «ተጽፎ ነው የተሰጠኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥያቄ በመጨረሻ የሚለውም ተጽፎ ነው።»

«እሱም ይሁን» አለ አባዬ። «ድምፅሽ ከኋላ ድረስ ይሰማል። እኔ በሩ ጋ ሆኜ ሁሉን ሰምቻለሁ።»

በሩ ጋ አልነበረም፤ ከፊት ነበር የቆመው። እህቴም ይህን ታውቃለች። ራሷን ደፍታ በላች፤ እማዬ ጨምሪ ስትላት እንቢ አላለችም።

በክረምቱ ለመሠረተ ትምህርት ማስተማር ወደ ገጠር የሚሄዱ ተማሪዎች ተመደቡና ለእህቴም ደረሳት። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ እኔን አስከትላ ፀጉር ቤት መጣች። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ይደርስ ነበር።

«አሳጥርልኝ» አለችው። «እዚያ የሚሠራልኝ የለም።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ከቆረጥክ በኋላ እነግራታለሁ።»

አባዬ በሩ ላይ የቆመውን ደንበኛ በኋላ እንዲመለስ ነገረው። አዲሱ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ይሄኛው ይወጣም ይወርድም ነበር፣ ምንም አላስቸገረም። ግን ያን ያህል ጊዜ ወስዶ ሰው ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም። የተመለሰው ደንበኛ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሄደ።

ቤት ስንገባ እማዬ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የእህቴን ጭንቅላት ከኋላ እስከ አንገቷ ድረስ በመዳፏ ዳሰሰችው። ትቆጣለች ብለን ሦስታችንም በር ላይ ቆመናል።

«አንገትሽ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር» አለቻትና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።